ካሴቱ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

ሐና ቤከር ምን አጠፋች? አንድ ምሽት መናፈሻ ውስጥ ጀስቲን ፎሊ የሚባል ልጅ ሳማት፤ የሕይወቷ የመጀመሪያ መሳም ነበር። ያደረገችው ይህንኑ ብቻ ነው። ጀስቲን ግን ለጓደኞቹ ሲያወራ እዚያ ላይ አላቆመም። እሱ ቀጠለበት፣ ጓደኞቹ ጨመሩበት፣ ትምህርት ቤቱ ተቀበለው። ቆይቶ አሌክስ የሚባል ሌላ ተማሪ የክፍሉን ሴቶች አካል የሚያወዳድር ወረቀት ጻፈና ሐናን «ምርጥ ዳሌ» ብሎ መዘገባት። ወረቀቱ እጅ በእጅ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ሱቅ ስትገባ የሚነካት፣ ምግብ ቤት ቀጥሯት እጁን በጠረጴዛው ሥር የሚሰድ ወንድ ሁሉ ሐናን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ስለ ሐና የሰማውን ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ ጄይ አሸር «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተባለውን ልቦለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛ «አሥራ ሦስቱ ምክንያቶች» ልንለው እንችላለን። ታሪኩ ሲጀምር ሐና የለችም፤ ራሷን አጥፍታለች። ከመሞቷ በፊት ግን ድምጿን በሰባት ካሴቶች ቀርጻ፣ አድምጦ ለሚቀጥለው የሚያስተላልፍ የስም ዝርዝር አዘጋጅታለች። ከዝርዝሩ አንዱ የሆነው ክሌይ ጄንሰን በደጃፉ የተቀመጠውን ሳጥን ይከፍትና፣ ልቡ የወደዳት ልጅ ለምን እንደሞተች በአንድ ሌሊት ይሰማል። እያንዳንዱ የካሴት ገጽ አንድ ታሪክ ነው፤ እያንዳንዱ ታሪክ አንድ ክስ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም አደረገውና ዓለም ሁሉ ተነጋገረበት።

መጽሐፉን ልተች ስነሳ ያወቀውን ነገር መካድ አልፈልግም። አሸር ስለ ሐሜት አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል፤ ሐሜት ከሚያሳፍረው ይበልጥ የሚፈቅደው ይከፋል። «እንዲህ ናት» የተባለች ልጅን መንካት ነውር መሆኑ ይቀራል፤ ብትቆጣም «አሁን ደግሞ ጨዋ ልትሆን ነው?» ትባላለች። ስለዚህ ከካሴቱ ሰዎች አብዛኞቹ ትልቅ ወንጀል ሠርተናል ብለው አያስቡም። አንዱ ቀለደ፣ ሌላው ዝም አለ፣ ሌላዋ ጓደኛ መስላ ግብዣ ይዛት ሄደችና ከዚያ ስለሷ የሌለ ነገር አወራች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ማንም መልሶ ሊሰበስበው አይችልም።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ማንም ማንንም የማይሰድብበትን ነው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚወያዩበት ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት የወረቀት ከረጢት አለው። ማንም ሰው ስሙን ሳይጽፍ መልካም ቃል ጽፎ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል። ዛክ ዴምፕሲ የሚባለው ልጅ በሐና ስለተቀየመ ከሷ ከረጢት እየሰረቀ ያወጣል። ሐናም ዕለት ዕለት ባዶ ከረጢት ታያለች። ልጁ ምንም አልተናገራትም፤ የሚነገራትን ብቻ ወሰደባት። በትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚደረግ ማንገላታት ብዙ ተጽፏል፤ ከዚህች ትንሽ ስርቆት የበለጠ እውነት የሆነ ነገር ያነበብኩ አይመስለኝም። በዚያው ክፍል ሐና ስሟን ሳትጽፍ «ስለ ራስን ማጥፋት እንወያይ» የሚል ማስታወሻ ትተዋለች። ተማሪዎቹ ምን አሉ? የጻፈው ሰው ትኩረት ፈልጎ ነው አሉ።

እዚህ ድረስ ከደራሲው ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን ልጠይቀው የምፈልገው አለኝ።

ወሬው እውነት ቢሆንስ ኖሮ? አሸር ገና በመጀመሪያው ካሴት ወሬው ውሸት መሆኑን ያረጋግጥልናል፤ ከመሳም ያለፈ ነገር እንዳልነበረ ከራሷ አንደበት እንሰማለን። ይህ ማረጋገጫ ለምን አስፈለገው? እንድናዝንላት ንጹሕ መሆኗ ግድ ነበር ማለት ነው? እንግዲህ መጽሐፉን የምታነብ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አስቡ፤ ስለሷ የሚወራው ግማሹ ወይም ሙሉው እውነት የሆነባት። የሳመች ብቻ ሳትሆን፣ ፎቶ የላከች፣ አምና የላከችው ፎቶ ዘንድሮ ከስልክ ስልክ የሚዞርባት። ይህች ልጅ የሐናን ንጽሕና የሚያስረዳ ገጽ ባነበበች ቁጥር ስለ ራሷ ምን ትሰማለች? «ያላደረገችውን አታውሩባት» የሚል ተከራካሪ፣ ያደረገችውን ለአሳዳጆቿ አሳልፎ አይሰጥምን? ለነገሩ ሐሜት የሚገድለው ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። እውነተኛው ወሬ እንዲያውም ይብሳል፤ ማስተባበያ የለውምና።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ካሴቶቹ ነው። የአሌክስ ወረቀት እጅ በእጅ ከዞረ፣ የሐና ካሴቶችስ በምን ዞሩ? የሚናገረው አንድ ሰው ነው። የተወራበት ሰው አይመልስም። የሰማ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ከመስማቱ በፊት ሌሎች ሰምተውታል። አላስተላልፍም ያለ ደግሞ ሌላ ቅጂ አለ፣ በአደባባይ ይለቀቃል ተብሎ ይስፈራራል። ይህ ከሐሜት በምን ይለያል? በድምፁ ማማር? በባለቤቲቱ መሞት? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለው ያገራችን ምክር ለሐና ካሴት የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመከራከር ያህል ብቻ ያነሳሁት እንዳይመስል ጄሲካን ልጥራ። በተከታታይ ፊልሙ ጄሲካ ግብዣ ላይ ጠጥታ ራሷን በሳተችበት ሰዓት በብራይስ ተደፍራለች። ጓደኛዋ ጀስቲን በሩ ላይ ቆሞ ዝም ብሏል፤ ሐና እዚያው ክፍል ውስጥ ተደብቃ አይታለች። ጄሲካ ግን ምን እንደደረሰባት አታውቅም። ሐና በሕይወት ሳለች አልነገረቻትም። ማን ነገራት? ካሴቱ። እሱም መጀመሪያ ለጀስቲን፣ ቀጥሎ ለሷ ደርሶ። ከሷም በኋላ የቀሩት ሁሉ በየተራቸው ሊሰሙት። አንዲት ልጅ በሕይወቷ የደረሰባትን ከሁሉ የከፋ ነገር የክፍሏ ልጆች ያለ ፈቃዷ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙት፤ ይህን ያደረገችው ደግሞ ስሟ በሌሎች አፍ መዞሩ ለሞት ያበቃት ልጅ ስትሆን፣ ታሪኩ በዚህ ላይ ቆም ብሎ አያስብምን? ሐና እንደ ጀስቲን ክፉ ሆና አይደለም። ቆስላለች፤ የቆሰለ ሰው ደግሞ ያቆስላል። ጸሐፊዎቹ ግን ቁስለኛ አልነበሩም። እነሱ ለማሰብ ጊዜ ነበራቸው።

ክሌይስ? ሐና ራሷ በካሴቱ ላይ አንተ ከነዚህ ሰዎች ጋር የምትቆጠር አይደለህም ትለዋለች። ታዲያ ሳጥኑን ለምን ላከችለት? ታሪኬ ያላንተ አይሟላም ትላለች፤ እውነቱ ግን ደራሲው ጥሩ ጆሮ ያስፈልገው ነበር። ምንም ያላጠፋ ልጅ «እኔስ ምን ብያት ይሆን?» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ከተማውን በካርታ ሲዞር ያድራል። ራስን ማጥፋት በቀሪዎች ላይ የሚጥለው ጸጸት እውነተኛና ከባድ ነው፤ መጽሐፉ ይህን ጸጸት እንደ ውጥረት ማስጠበቂያ ይጠቀምበታል። በርግጥ ክሌይ አንዳንዴ ይቆጣታል፣ ለምን እጅሽን አልዘረጋሽም ይላታል። ይህችን አሸር አልረሳትም። ግን ካሴት አይመልስም፤ ቁጣውም ሳይመለስለት ይቀራል።

ወደ ዋናው ልግባ። ሞት ለሐና ምን ሰጣት? በሕይወቷ ያላገኘችውን ሁሉ። የሚሰማት አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ቁጭ ብሎ፣ ሳያቋርጣት፣ መልስ ሳይሰጣት፣ በጆሮው ላይ ይሰማታል። የበደሏት ይንቀጠቀጣሉ። የምትወደው ልጅ ወደ እያንዳንዱ ያዘነችበት ቦታ ሄዶ ያለቅሳል። ያሏት ሁሉ ሐሰት፣ ያለችው ሁሉ እውነት ሆኖ ይጸናል። ተበድያለሁ ብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ያለቀሰ ልጅ ሁሉ «ብሞት ያኔ ያውቁታል» ብሎ ያውቃል፤ ምናልባት እናንተም ብላችኋል። መጽሐፉ ይህን የልጅ ሐሳብ ወስዶ እውን አደረገው። ያኔም በእርግጥ አወቁት!

የሞተ ሰው ግን የለቀስተኞቹን ፊት አያይም። አሸር ይህን አንድ ነገር ሊነግረን አይችልም፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ቅርጽ ራሱ ይከለክለዋል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሐና ድምፅ አለ፤ ትቀልዳለች፣ ታሽሟጥጣለች፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች። አንባቢው ሐና ሞተች ሲባል ይሰማል እንጂ መሞቷ አይሰማውም። ታዲያ ሞት ዝም እንደማያሰኝ የሚያሳይ ልቦለድ፣ ዝም ለተባለ ልጅ ምን እየነገረው ነው?

ይህን ወጥመድ አሜሪካኖች ራሳቸው አስቀድመው አይተውት ነበር። ዳንኤል ወተርስ ጽፎ ማይክል ሌማን ያዘጋጀው «ሄዘርስ» የተሰኘው ፊልም አሜሪካ ውስጥ በ1989 ወጣ። ትምህርት ቤቱን አስጨንቃ የምትገዛ አንዲት ልጅ ትሞታለች፤ ገዳዮቿ በሷ ስም የስንብት ደብዳቤ ይጽፋሉ። ወዲያው መምህራኑም ተማሪዎቹም ስለ ጥልቅ ነፍሷ ማውራት ይጀምራሉ፤ በሕይወቷ ያልነበራትን ክብር በሬሳዋ ላይ ይከምሩባታል። ከዚያ ሁሉም የሚያፌዝባት አንዲት ወፍራም ልጅ ያንኑ ትሞክርና ትተርፋለች። ምን ተባለች? ታዋቂዎቹን ልትመስል ሞክራ ይህም አልሆነላትም ተባለች። ፊልሙ ጨካኝ ነው፤ ለልጅ አሳዩ አልልም። ግን ሞትን ወደ ዝና የሚቀይረው ማን እንደሆነ ጠይቋል። «አሥራ ሦስቱ ምክንያቶች» ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ መጥቶ ያንኑ ዝና ያለ ፌዝ ሰጠ።

ደግሞስ ለምን «ምክንያቶች»? የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ የሒሳብ መልክ አለው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ደምሮ ሞት ላይ ይደርሳል። ስለ ራስን ማጥፋት የሚያጠኑ ሐኪሞች የሚናገሩት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ነገር ተደራርቦ እንጂ በአንድ ሰው ቃል ወይም በአንድ ወሬ ብቻ አይሆንም ይላሉ። ሐሜትና ማንገላታት አደጋውን ይጨምራሉ፣ ይህ የታወቀ ነው፤ ግን ከሌሎች ጋር ሆነው ነው። የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፣ ይታከማል። በሐና ታሪክ ውስጥ ይህ ሕመም በስሙ ሲጠራ አንሰማም። አሥራ ሦስት ታሪክ ሲቆጠር አንድ ሐኪም እንኳ አለመጠራቱ ያጋጣሚ ነው? ወይስ ሕመም ከገባበት ክሱ ይዳከማል ተብሎ ነው? በደለኞቹን ጥፋተኛ ለማድረግ ሐና ጤነኛ መሆን ነበረባት። ሰው ግን ታምሞም ይበደላል፤ ሕመሙ በዳዩን ነጻ አያወጣም።

ለእርዳታ የሄደችበት አንድ አዋቂ አለ፤ ሚስተር ፖርተር፣ የትምህርት ቤቱ የምክር መምህር። ሁሉ ነገር እንዲያበቃ እንደምትፈልግ ትነግረዋለች። እሱ ይደናበራል፣ ብራይስ በሷም ላይ ያደረሰውን ነገር ረስተሽ እለፊው እስከ ማለት ይደርሳል፤ እሷ ተነስታ ስትወጣ አይከተላትም። እንዲህ ያለ መምህር የለም አልልም፣ ሞልቷል። የምጠይቀው ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ የተጠየቀው አንድ አዋቂ የግድ መውደቅ ያለበት ለምንድን ነው? ተከታታይ ፊልሙ በወጣ ጊዜ የአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር፣ በተለይ ራሳቸውን ስለመጉዳት የሚያስቡ ልጆች እንዳያዩት መክሯል። ከፍርሃቶቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ ልጁ ፖርተርን አይቶ «ብናገርም ዋጋ የለው» ብሎ እንዳይደመድም። አዋቂም ከዚህ ትዕይንት የሚማረው የለም፤ ፖርተር ምን ማለት እንደነበረበት አይታይማ። መልሱ ከባድ አልነበረም። «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ፣ ብቻዋን አለመተው፣ ቤተሰብና ሐኪም መጥራት። ብዙዎች እንደሚፈሩት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ይህን ነው።

አሁን ስለ ኔትፍሊክስ። በብራያን ዮርኪ መሪነት የተሠራው ተከታታይ ፊልም በማርች 31 ቀን 2017 ወጣ። መጽሐፉ የሐናን አሟሟት በቀጥታ አያሳይም፤ ፊልሙ ግን ካሜራውን ከፊቷ ደቀነና ደቂቃዎች የሚፈጅ ትዕይንት አደረገው። እንዴት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ኒክ ሼፍ ትዕይንቱን ሲከላከል ከራሱ ሕይወት ተነስቶ ነበር፤ እሱ ራሱ ሊሞት ባሰበበት ሰዓት፣ ሞክራ የተረፈች ሴት የነገረችው ሥቃይ ትዝ ብሎት እንደተመለሰ ተናግሯል። ሞት ውብና ሰላማዊ አለመሆኑን ማሳየት ያድናል ነው ክርክሩ። ንቄ የምተወው ክርክር አይደለም። ግን ሼፍን ያዳነው ምን ነበር? በሕይወት ያለች ሴት፣ ፊት ለፊት ሆና የነገረችው ነገር! ተርፋ ተናገረች። ሐና ተርፋ አልተናገረችም። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

በጁላይ 2019 ኔትፍሊክስ ትዕይንቱን ከፊልሙ ቆርጦ አወጣው። አስፈላጊ ከነበረ ለምን ወጣ? ካላስፈለገ ከሁለት ዓመት በላይ ለምን ቆየ? «አላወቅንም» የሚባል መልስ እዚህ አይሠራም። ጎተ የወጣቱን የቬርተርን ታሪክ በ1774 ሲያሳትም አንባቢዎች የሟቹን ልብስ እስከ መልበስ ደርሰው፣ በቀጣዩ ዓመት የላይፕዚግ ከተማ መጽሐፉንም አለባበሱንም ከልክላለች። ዴቪድ ፊሊፕስ የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ደግሞ በ1974 ጋዜጦች ራሱን ስላጠፋ ሰው በፊት ገጽ ሲዘግቡ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር እንደሚጨምር አሳይቶ፣ ክስተቱን በቬርተር ስም ጠራው። ፊልሙ ሲሠራ ይህ ዕውቀት አርባ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ቁጥሮቹን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የፊልሙ ተቺዎች አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይጮኹባቸዋል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ፊልሙ በወጣ ማግሥት፣ በኤፕሪል 2017፣ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ አሜሪካውያን ዘንድ ራስን የማጥፋት መጠን 28.9 በመቶ ጨምሯል አለ። ጭማሪው ግን ጎልቶ የታየው በወንዶች ላይ ነው፤ ሟቿ ሴት በሆነችበት ታሪክ ይህ እንዴት ይሆናል? በቀጣዩ ዓመት ዳንኤል ሮመር የተባለ ተመራማሪ ያንኑ መረጃ መልሶ ፈትሾ፣ የወንዶቹ ጭማሪ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት መታየት እንደጀመረና ለፊልሙ መስጠት እንደማያስተማምን ተከራከረ። ሌላ ጥናት ደግሞ በፊልሙ መውጫ ሰሞን ስለ ራስን ማጥፋት የሚደረግ የኢንተርኔት ፍለጋ ከሚጠበቀው 19 በመቶ መብለጡን አገኘ፤ ከፈላጊዎቹ የእርዳታ ስልክ የፈለጉም፣ መንገዱን የፈለጉም ነበሩ። ስለዚህ «ፊልሙ ገደለ» ማለት አልችልም። የምጠይቀው ግን አለ፤ ማስረጃው እስኪጠራ ድረስ የጥርጣሬው ዋጋ በማን ላይ ነው የሚወድቀው? በኩባንያው ላይ ወይስ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ? የኒውዚላንድ የምደባ ጽሕፈት ቤት ጥናት አልጠበቀም፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያየው የሚል አዲስ ደረጃ ለዚሁ ፊልም አወጣ። አትከልክሉ፣ አብራችሁ እዩ ማለት ነው። ከሰማኋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይህ ይሻለኛል።

አብሮ ማየት ግን አብሮ መቀመጥ ይፈልጋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በሚኒያፖሊስ ያለ የሐበሻ ቤት አስቡ፤ ሳሎን ውስጥ የአገር ቤት ቴሌቪዥን እየታየ፣ ልጅቷ በላይኛው ክፍል ስልኳ ላይ ሐናን እያየች። ወርዳ «ትምህርት ቤት ስለኔ ያወራሉ» ብትል የሚጠብቃት መልስ ምንድን ነው? «ምን ጎደለሽ? እኛ ስንት አሳልፈን!» ከሆነ፣ ይህስ ከሚስተር ፖርተር ይለያል? ከሞት በኋላ ደግሞ እኛም የራሳችን ዝምታ አለን። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት ያለመደረጉ ልማድ አለ፤ ስለዚህም ቤተሰብ «በድንገት ነው» ይላል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም አይጠይቅም፤ ከለቅሶ ቤት ሲወጣ ግን ሁሉም ይጠይቃል፣ ሁሉም ይመልሳል። ልጅን ያሳደደው ሐሜት እናቱንም በዕድር ድንኳን ሥር ሲያሳድዳት፣ ነውሩ የማን ነው? ይህን የሚጽፍ የአማርኛ ልቦለድ ቢመጣ የሐናን ካሴት አያስፈልገውም፤ እኛ ዘንድ የሚናገረው ሟቹ ሳይሆን ሰፈሩ ነው።

እንዴት ይጻፍ ታዲያ? አይጻፍ የሚሉ አሉ፤ በአሜሪካ በ2017 ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጡ ከተጠየቀባቸው መጻሕፍት ሁሉ በቁጥር የቀደመው የአሸር መጽሐፍ ነበር። እኔ ከከልካዮቹ ጋር አይደለሁም። ሎሪ ሃልስ አንደርሰን በ1999 «ስፒክ» የሚል ልቦለድ ጽፋለች። ሜሊንዳ የምትባለው ልጅ በክረምት ግብዣ ላይ ተደፍራ ፖሊስ ትጠራለች፤ ለምን እንደጠራች የሚጠይቃት የለም፣ ግብዣውን ያበላሸች ተብላ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይጠላታል። ሜሊንዳ ቃል ማውጣት ትተዋለች፣ አሮጌ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ትደበቃለች። ሐናን ያገኛት ሁሉ አግኝቷታል ማለት ይቻላል። ግን ዓመቱን በሙሉ ከነዝምታዋ እንከተላታለን፤ አሰልቺውን የትምህርት ቀን፣ ዛፍ መሣል አልሆንልሽ ያላትን የሥዕል ክፍል፣ ቀስ እያለ የሚመለሰውን ድምፅ። ሜሊንዳ የምትናገረው በሕይወት እያለች ነው፤ ደፋሪዋም ፊቷ ቆሞ ይሰማል።

ጃፓናዊቷ ዮሺቶኪ ኦይማ ደግሞ በ2013 በጀመረችው የሥዕል ልቦለድ፣ በ2016 ናኦኮ ያማዳ ፊልም ባደረገችው «ኤ ሳይለንት ቮይስ» ከበዳዩ ተነሳች። ሾያ የሚባለው ልጅ መስማት የተሳናትን ሾኮን ያሠቃያታል፤ የመስሚያ መሣሪያዋን እየነጠቀ ይሰብራል፣ ክፍሉ ይስቃል። አስተማሪዎች ሲጠይቁ ሳቂዎቹ ሁሉ ጣታቸውን በሱ ላይ ቀስረው እሱን ብቸኛ ያደርጉታል። ዓመታት አልፈው ሾያ ሊሞት ወስኖ ይተወዋል፤ ኋላም ሾኮ ስትሞክር እሱ ያድናታል። ሁለቱም ይኖራሉ፤ መኖሩም ቀላል አይሆንላቸውም። ሾያ የሰው ፊት ማየት ስላቃተው በእያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ የኤክስ ምልክት ተለጥፎ ይታየዋል፤ አንድ በአንድ እስኪወድቁ ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም፤ ሾኮ ከመጠን በላይ ይቅር ባይ ናት፣ እንደ ሐና እሷም እንዲታዘንላት ንጹሕ ተደርጋለች። ግን ይቅርታ የጠየቀ ልጅ ይቅርታ የተጠየቀችው ልጅ ፊት ይቆማል። ካሴት ይህን አያደርግም።

አሸርም ይህን መንገድ ያውቀው ነበር። የመጽሐፉ የዐሥረኛ ዓመት ልዩ እትም ሲወጣ መጀመሪያ ጽፎት የነበረውን ሌላ መጨረሻ አብሮ አሳተመ፤ በዚያኛው ሐና ትተርፋለች። እስኪ ያንን መጽሐፍ እናስበው። ካሴቶቹ ዞረዋል፤ ሐና ደግሞ አለች። ጀስቲን «ያልሽው ልክ ነው፤ ይሄኛው ግን አይደለም» ሊላት ይችላል። ጄሲካ «የኔን ነገር ለምን ለነሱ ነገርሽ?» ብላ ትጠይቃታለች፤ ሐናም መመለስ አለባት። ፖርተር ሁለተኛ ዕድል ያገኛል፣ ምናልባት እሱንም ያበላሸዋል። ክሌይ የሌሊቱን ንግግሩን ሁሉ ለካሴት ማጫወቻ ሳይሆን ለራሷ ይነግራታል። ዛክ የሰረቃቸውን ወረቀቶች ይመልስ ይሆን? ሰኞ ጠዋት ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ከረጢት ስትመለስ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? ከዚህ የሚከብድ፣ ከዚህም የሚበልጥ ልቦለድ እዚያ ውስጥ ነበር። ለምን የልዩ እትም ማሟያ ሆኖ ቀረ?